ኖድ አይጥና ዓይነት 1 የስኳር ሕመም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ራስን የሚያጠቃውን የስኳር ሕመም (ዓይነት 1) በአይጥ ለማጥናት ለሚዘጋጁ ተማሪዎችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች የተጻፈ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ግን ልጃቸው በዚህ ሕመም ለሚቸገርባቸው ወላጆችም ይሆናሉ። አይጥ ስንል ከ20 እስከ 30 ግራም የምትመዝነውን ትንሿን ነው፤ አይጠ መጎጥ የራሱ ሌላ ሞዴል አለው። ቆሽት የምንለው ኢንሱሊን የሚያመነጨውን አካል ሲሆን ጣፊያ ደግሞ የነጭ ደም ሕዋሳት መከማቻ የሆነውን ነው። ሁለቱ ስለሚምታቱ ከወዲሁ ይያዝልን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኖድ አይጥ ከየት መጣ?

ከጃፓን። የሺኦኖጊ መድኃኒት ኩባንያ ተመራማሪዎች የዓይን ሞራ የሚያወጣ የአይጥ ዘር ሲያራቡ፣ በ1974 አንዲት ሴት አይጥ ብዙ ስትሸና፣ ሽንቷ ውስጥ ስኳር ሲገኝ፣ ሰውነቷም ሲመነምን አዩ። ቆሽቷ ሲመረመር የኢንሱሊን ደሴቶቿ (ኢንሱሊን አመንጪ ቤታ ሕዋሳት ያሉባቸው የሕዋስ ስብስቦች) በነጭ የደም ሕዋሳት ተወረው ተገኙ። ከእርሷ ዘር ወንድምና እህት እያጋቡ ያወጡትን ዝርያ ማኪኖና ባልደረቦቹ በ1980 አሳወቁ። «ኖድ» የሚለው ስም «ያልወፈረ፣ የስኳር ሕመምተኛ» የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የተወሰደ ምህጻር ነው። ዛሬ ብዙ ተመራማሪ የሚገዛው በአሜሪካ ሜይን ግዛት ካለው ጃክሰን ላቦራቶሪ ወይም ታኮኒክ ከተባለው አይጥ አቅራቢ ነው። የሁለቱ ንዑስ ዝርያዎች ለየብቻ የተራቡ ስለሆኑ የአንዱን አይጥ ከሌላው ጋር በአንድ ሙከራ አትቀላቅሉ።

ከሰው ሕመም ጋር ምን ያመሳስለዋል?

ዋናው መመሳሰል ዘረ-መል ላይ ነው። በሰው ዘንድ ከፍተኛውን ተጋላጭነት የሚያመጡት ኤች ኤል ኤ የሚባሉት ጂኖች ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱ ዲኪው 8 ነው። ኖድ አይጥ ያለው አቻ ጂን ልክ እንደ ዲኪው 8 በሚሠራው ፕሮቲን ቤታ ሰንሰለት 57ኛ ቦታ ላይ አስፓርቲክ አሲድ የተባለው አሚኖ አሲድ የለውም። ይህች አንዲት ቦታ የትኛው የፕሮቲን ቁራጭ ለቲ ሕዋሳት (ጥቃቱን ለሚመሩት የነጭ ደም ሕዋሳት) እንደሚቀርብ ትወስናለች። በሁለቱም ፍጥረታት የሰውነት መከላከያው ኢንሱሊንን ራሱን ዒላማ ያደርጋል፤ በኖድ ደግሞ በጣም ወሳኙ ቁራጭ ከኢንሱሊን ቢ ሰንሰለት ከ9ኛው እስከ 23ኛው አሚኖ አሲድ ያለው ነው። በ2005 በታተመ ሥራ በዚህ ቁራጭ ውስጥ ያለችው የቢ ሰንሰለቱ 16ኛ አሚኖ አሲድ ብቻ የተለወጠባቸውና የራሳቸው መደበኛ የኢንሱሊን ጂኖች የጠፉባቸው ኖድ አይጦች ከስኳር ሕመም ተጠብቀዋል።

ልዩነቱም አይናቅ። አይጥ ሁለት የኢንሱሊን ጂን አላት፤ ሰው አንድ። የኖድ ደሴት በወፍራም የሕዋሳት ቀለበት ይከበባል፤ በሰው ቆሽት ግን የሚታየው ወረራ ሳሳ ያለና እዚህም እዚያም የተበታተነ ነው። ኖድ ሲ 5 የተባለውን የኮምፕሊመንት ፕሮቲን (ጀርም ለመግደል የሚረዳ የደም ፕሮቲን) አታመርትም፤ ዕድሜዋ ሲገፋም መስሚያዋ ይደክማል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኖድ በዘር አንድ ዓይነት ናት። መቶ ኖድ አይጥ አጠናችሁ ማለት አንድን ሕመምተኛ መቶ ጊዜ አጠናችሁ እንደማለት ነው።

መቼ ይታመማሉ? ሴትና ወንድስ እኩል ናቸው?

ከ3 እስከ 5 ሳምንት ዕድሜ የመጀመሪያዎቹ ወራሪ ሕዋሳት በደሴቶቹ ዳርቻ ይታያሉ። እስከ 10ኛው ሳምንት ቲና ቢ ሕዋሳት ዙሪያውን ይከማቻሉ፤ ደም ውስጥ ያለው ስኳር ግን ገና ጤነኛ ነው። ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ ሴቶቹ አንድ በአንድ ይታመማሉ፤ በ30ኛው ሳምንት ከ60 እስከ 90 በመቶ ይደርሳሉ። ወንዶቹ ዘግይተው፣ ከ10 እስከ 30 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሙከራው በአብዛኛው በሴት አይጥ ይሠራል። የሚገርመው፣ ከማንኛውም ጀርም ነፃ በሆነ ቤት ካደጉ የጾታው ልዩነት ይጠፋል፤ የአንጀት ባክቴሪያና የወንድ ሆርሞን ተያይዘው እንደሚሠሩ የታወቀው ከዚህ ነው።

ስትሬፕቶዞቶሲን ወግቼ ስኳሩን ብጨምር አይበቃም?

ይህ ጥያቄ ከአገር ቤት ብዙ ይመጣል፤ ምክንያቱም በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የባህል መድኃኒት ዕፅዋት የሚፈተሹት ባመዛኙ በስዊስ አልቢኖ አይጥ ላይ አንድ ከፍተኛ መጠን ስትሬፕቶዞቶሲን ወይም አሎክሳን በመስጠት ነው። ያ ሞዴል ለስኳር መቀነሻ ዕፅዋት ያገለግላል። ነገር ግን ቤታ ሕዋሳቱን የገደለው ኬሚካሉ እንጂ የሰውነት መከላከያው አይደለም። «ዓይነት 1 ሞዴል» ብላችሁ ከጻፋችሁ የኢንሱሊን እጦት ሞዴል መሆኑን ግልጽ አድርጉ፤ ራስን ማጥቃትን ያሳያል ማለት ግን ስሕተት ነው።

መከላከያው በከፊል የሚሳተፍበት የተከፋፈለው ዝቅተኛ መጠን ነው፦ በኪሎ 50 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንዴ፣ ለ5 ተከታታይ ቀናት፣ በሆድ ዕቃ ውስጥ። ከ8 እስከ 10 ሳምንት የሆናቸውን ሲ 57 ብላክ 6 የተባለ የላቦራቶሪ ዝርያ ወንዶች ተጠቀሙ፤ ሴቶቹ ይቋቋሙታል። ከመወጋታቸው በፊት ከ4 እስከ 6 ሰዓታት ለሚሆን ጊዜ ምግብ ይነሣባቸው፤ ውኃ አይከልከል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 5 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ብታዘጋጁ፣ 25 ግራም ለምትመዝን አይጥ 0.25 ሚሊ ሊትር ይሰጣታል።

ሲከሽፍ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ሲበጠበጥ የተፈጠረ ነው። መድኃኒቱ ፒ ኤች 4.5 በሆነ የሲትሬት ቡፈር ውስጥ ካልሆነ ቶሎ ይበላሻል፤ በቡፈሩም ውስጥ ቢሆን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በላይ አታቆዩት። 20 አይጥ ካላችሁ ሁሉን በአንድ ጊዜ አትበጥብጡ። ዱቄቱን 10 ሚሊ ግራም እየመዘናችሁ በፎይል በተጠቀለሉ ትንንሽ ቱቦዎች አስቀምጡ፤ አንዷን ቱቦ በ2 ሚሊ ሊትር በጥብጣችሁ ለ7 ወይም 8 አይጥ ስጡና ቀጣይዋን ክፈቱ። ካንሰር አምጪ ስለሆነ ጓንት፣ ጭስ መሳቢያ ሁድና ለብቻ የሚወገድ ንጣፍ የግድ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ዝቅተኛው መጠን ሊምፎሳይት (ቲና ቢ ሕዋሳት) በሌላቸው አይጦች ላይ እንኳ ስኳር እንደሚያመጣ ታይቷል። ስለዚህ ራስን የማጥቃት ጥያቄ ካላችሁ ኖድን የሚተካ አይደለም።

«ታመመች» የሚባለው ስንት ሲሆን ነው? እንዴትስ ይለካ?

በሁለት ተከታታይ ልኬት 250 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር (13.9 ሚሊ ሞል በሊትር) እና ከዚያ በላይ ሲሆን። አንድ ልኬት አይበቃም፤ በፍርሃት ብቻ ስኳሯ የሚወጣ አይጥ አለች።

ከ10ኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት አንዴ፣ ሁልጊዜ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሳትጾም ለኩ። የጅራቷን ጫፍ በስስ መርፌ ውጉ፤ የመጀመሪያዋን ጠብታ ጥረጉ፤ ሁለተኛዋን በስትሪፑ ንኩ። ጅራቱን አጥብቆ ማለብ የሕዋስ ፈሳሽ ቀላቅሎ ንባቡን ያዛባል። ተራው ግሉኮሜትር ይበቃል፤ ብዙዎቹ ከ600 በላይ ሲሆን ቁጥር አይሰጡም፤ ለስሌታችሁ 600 ብላችሁ ያዙና በጽሑፉ አሳውቁ። ዛይላዚን ያለበት ማደንዘዣ ስኳርን ስለሚያንር ከማደንዘዣ በኋላ የተለካ ቁጥር አትቁጠሩ።

ኬጅ የሚያጸዳውን ሰው ደግሞ አድምጡት። የንጣፉ አንድ ማዕዘን ከሌላው ኬጅ ቀድሞ ረጥቦ፣ ጠርሙሱም ጎድሎ ከተገኘ፣ ከግሉኮሜትሩ በፊት የሚናገረው እርሱ ነው።

አይጦቼ 25 ሳምንት ሆኗቸው ግማሾቹ እንኳ አልታመሙም። ምን አጠፋሁ?

በዚህ ሥራ ከሁሉም በላይ ጊዜና ገንዘብ የሚበላው ችግር ይህ ነው፤ መልሱም በአብዛኛው አይጧ ጋር ሳይሆን ቤቷ ውስጥ ይገኛል።

ኖድ የምትታመመው ንጹሕ ቤት ውስጥ ስትኖር ነው። የአይጥ ቫይረሶች ወይም የአንጀት ትል ከገባባት ሕመሙ ይቀንሳል። በ1999 የቢልሃርዚያ ትል (ሺስቶሶማ ማንሶኒ) ሕመሙን እንደሚከለክል ታይቷል። ስለዚህ መጀመሪያ የእንስሳት ቤቱን የጤና ሪፖርት ጠይቁ፤ በተለይ የአይጥ ሄፓታይተስ ቫይረሱንና የቆዳና የአንጀት ጥገኞችን ክፍል እዩ።

ቀጥሎ ምግቡን። ፕሮቲኑ ተሰባብሮ የተዘጋጀ ኬዚን ከሆነ ሕመሙ በጣም ይቀንሳል። አቅራቢው መሐል ላይ ከረጢቱን ከቀየረ ውጤታችሁም ሊቀየር ይችላል፤ የምግቡን ስምና የከረጢቱን ቁጥር መዝግቡ። የሚጠጡት ውኃ አሲድ የተጨመረበት መሆን አለመሆኑም በአንጀት ባክቴሪያው በኩል ለውጥ ያመጣል።

ሦስተኛው ራሳችሁ የወጋችሁት ነገር ነው። ፍሮይንድ ኮምፕሊት አጁቫንት (የክትባትን ምላሽ ለማጠንከር አብሮ የሚወጋ ድብልቅ)፣ የሞተ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ስላለበት፣ አንዴ ተወግቶ ብቻ ኖድን ይጠብቃታል። ቢ ሲ ጂም እንዲሁ። ፕሮቲናችሁን በዚህ አጁቫንት ሰጥታችሁ «ክትባቱ ሠራ» ከማለታችሁ በፊት አጁቫንቱን ብቻ የተወጋ ቡድን ይኑራችሁ። በባክቴሪያ ውስጥ የተመረተ ፕሮቲንም ኢንዶቶክሲን (ከባክቴሪያው ሽፋን የሚወጣ መርዝ) ካልጠራለት ተመሳሳይ ጉዳይ ያስነሣል።

አራተኛው የመጡበት ዕድሜ ነው። በ10 ሳምንታቸው ተጉዘው የደረሱ አይጦች ወሳኙን ጊዜ ያሳለፉት በሌላ ቤት፣ በሌላ ባክቴሪያ ነው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲሆናቸው አስመጡ፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይላመዱ። የራሳችሁን ካራባችሁ ግን ሴቶቹ ከአንድ ወይም ሁለት ወሊድ በኋላ ስለሚታመሙ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ አጋቡ፤ ተተኪ ጥንድም ይዘጋጅ።

የጂን ለውጥ ያለበት ዝርያ ከሆነ ሌላ ጥርጣሬ አለ። ጂኑ መጀመሪያ 129 በሚባል ሌላ የአይጥ ዝርያ ሕዋስ ተሠርቶ ወደ ኖድ ከተዳቀለ፣ ከጂኑ አጠገብ ያለ የ129 ክሮሞሶም ቁራጭ አብሮ ይጓዛል። የሚጠብቃት ያ ቁራጭ ሊሆን ይችላል። 10 ትውልድ ማዳቀል እንኳ ቅርቡን አያጠራም። አሁን በቀጥታ በኖድ ሽል ላይ ክሪስፐር በሚባለው የጂን ማረሚያ መሥራት ስለሚቻል ያን ምረጡ፤ መነጻጸሪያችሁም አብረው የተወለዱ እህቶቻቸው ይሁኑ።

በአንድ ቡድን ስንት አይጥ ያስፈልጋል?

10 አይበቃም። በመነጻጸሪያው ቡድን ከ10 አይጥ 8 ቢታመሙ፣ መድኃኒት በወሰደው ደግሞ 4 ብቻ ቢታመሙ፣ ልዩነቱ ለዓይን ትልቅ ነው፤ በፊሸር ፈተና ግን ፒ 0.17 ይሆናል፤ ማለትም ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል። 80 በመቶን ወደ 40 በመቶ የሚያወርድ ውጤት በ80 በመቶ ዕድል ለማየት በቡድን 23 ገደማ ያስፈልጋል። አንድ ኬጅ ሙሉ መድኃኒት፣ ሌላው ኬጅ ሙሉ መነጻጸሪያ አታድርጉ፤ አይጦች አንዱ የሌላውን ኩስ ስለሚበሉ የኬጁ ባክቴሪያ መድኃኒት መስሎ ይታያችኋል።

እስከ 30ኛው ሳምንት መጠበቅ ካልቻልኩስ?

ሁለት አቋራጭ አለ። ሳይክሎፎስፋማይድ በኪሎ 200 ሚሊ ግራም ሰጥቶ ከ14 ቀን በኋላ መድገም ሕመሙን ያፈጥናል፤ ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳትን (ጥቃቱን የሚያረግቡትን) ስለሚቀንስ ግን ጥናታችሁ በእነዚያ ሕዋሳት ላይ ከሆነ አይሆንም። ሌላው ሕመሙን ማሸጋገር ነው፦ ገና ከታመመች ኖድ ጣፊያ ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ሕዋስ ወስዶ ሊምፎሳይት ለሌላት ኖድ ስኪድ በደም ሥር መስጠት። ተቀባዮቹ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይታመማሉ። ሕዋሳቱን ከመስጠታችሁ በፊት በ40 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፉ፤ የተጓጎለ ሕዋስ ሳንባ ውስጥ ተሰክቶ አይጧን እዚያው ይገድላታል። ኖድ ስኪድ ዕድሜዋ ሲገፋ የታይመስ ካንሰር ስለሚይዛት ለረጅም ክትትል አትመችም።

ቆሽቱን እንዴት ላውጣ?

በፍጥነት። ቆሽት የራሱን ኢንዛይም ይዞ ስለሚኖር አይጧ ከሞተች በኋላ ራሱን ይፈጫል፤ ከሌላው አካል ቀድማችሁ በደቂቃዎች ውስጥ አውጥታችሁ ፎርማሊን ውስጥ ክተቱ። የአይጥ ቆሽት እንደ ሰው ጠንከር ያለ አይደለም፤ ከአንጀትና ከጣፊያ መሐል የተዘረጋ ሐመር ሮዝ ድር ይመስላል። ከስብ የሚለየው ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ነው፦ ስብ ይንሳፈፋል፣ ቆሽት ይሰምጣል።

ደሴቶቹ እኩል ስለማይወረሩ አንድ ቁራጭ አይታመንም። ቢያንስ በ100 ማይክሮን የተራራቁ ሦስት ደረጃዎች ቁረጡ፤ በሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን ቀብታችሁ እያንዳንዱን ደሴት ነጥብ ስጡ፦ ንጹሕ ከሆነ 0፣ ዙሪያው ብቻ ከተከበበ 1፣ ከግማሹ በታች ከተወረረ 2፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 3። ነጥብ ሰጪው የትኛው የየትኛው ቡድን እንደሆነ አይወቅ። በጣም ታማ የሞተች አይጥ ጥቂት ደሴት ብቻ ይቀራታል፤ የቀሩትም «ንጹሕ» ሊመስሉ ይችላሉ፣ የሚያጠቁት ቤታ ሕዋስ ስላለቀ። ስለዚህ በኢንሱሊን ፀረ-አካል ጭምር ቅቡ።

ከታመመች በኋላ እንዴት ትያዝ?

ኖድ ያለ ኢንሱሊን ጥቂት ሳምንት ልትቆይ ትችላለች፤ ያ ማለት ግን አትሰቃይም ማለት አይደለም። ንጣፏን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቀይሩ፤ ሁለት የውኃ ጠርሙስ ስጡ፤ ርጥብ ምግብ መሬት ላይ አኑሩ። ክብደቷ በ20 በመቶ ከቀነሰ ወይም ካጎበጠችና ከቀዘቀዘች ሙከራው ቢቀርም ያለ ሥቃይ እንድትሞት አድርጉ። ማቆየት የግድ ከሆነ ከቆዳ ሥር የሚቀበር፣ ኢንሱሊን በዝግታ የሚለቅ እንክብል በቀን ሁለቴ ከመውጋት ይሻላል።

መድኃኒቱን በስንተኛው ሳምንት ልጀምር?

ሙከራችሁ ምን እንደሚያስተምር የሚወስነው ይህ ነው። በ4 ሳምንት የተጀመረ ሕክምና ሕመሙን «ከለከለ» ቢባል የሚያወራው ገና ስላልተነሣ ጥቃት ነው። በ10 ሳምንት ሲጀመር ጥቃቱ እየተካሄደ ነው። ስኳሩ 250 ካለፈ በኋላ ሲጀመር ግን ቆሽቱ በአብዛኛው ተጎድቷል፤ ክሊኒክ የምትመጣውን ልጅ የሚመስለው ይህ ብቻ ነው። ኖድን በ4 ሳምንቷ የሚያድኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘዴዎች ታትመዋል። ከታመመች በኋላ የሚመልሷት ጥቂት ናቸው። ሦስቱንም ዕድሜ መፈተሽ ካልቻላችሁ የመጨረሻውን ምረጡ፤ ውጤቱን ግን ወዲያው የታመሙትን፣ ስኳራቸው ለምሳሌ ከ250 እስከ 350 ያሉትን ብቻ በማስገባት አስተካክሉ፤ 500 የደረሰች አይጥ የምትመለስበት ቤታ ሕዋስ የላትም።

አይጥ ላይ የሠራው ለምን ሰው ላይ አይሠራም? ጭራሽ ሠርቶ ያውቃል?

ብዙ ጊዜ ከሽፏል። ኢንሱሊን በአፍ መስጠት ኖድን ይጠብቃታል፤ በሰው የተደረገው ትልቅ ሙከራ ግን በጥቅሉ ሕመሙን አልከለከለም። ኒኮቲናማይድም በ2004 በታተመው የአውሮፓ ሙከራ እንዲሁ ሆነ። ከምክንያቶቹ አንዱ ከላይ ያነሣነው ዕድሜ ነው፤ ሌላው ሰው እንደ ኖድ አንድ ዘር አለመሆኑ። አደጋም ከአይጥ ይታያል፦ የኢንሱሊን ቁራጭ ደጋግሞ መወጋት ኖድን በአናፊላክሲስ (ድንገተኛ ከባድ አለርጂ) የገደለበት ጊዜ አለ፤ ይህን ማስጠንቀቂያ ያገኘነው ከእርሷ ነው።

የሠራም አለ፤ ጊዜ ግን ወሰደ። በ1994 ፓሪስ ውስጥ በቲ ሕዋሳት ላይ ያለውን ሲዲ 3 የተባለ ፕሮቲን የሚይዝ ፀረ-አካል ገና የታመሙ ኖድ አይጦችን በአጭር ሕክምና ወደ ጤናቸው እንደመለሰ ታተመ። መታመም የጀመረችን አይጥ መመለሱ ነው ልዩ ያደረገው። በዚያው ሐሳብ ለሰው የተሠራው ቴፕሊዙማብ ገና ምልክት ያልታየባቸው፣ ራስን የሚያጠቃ ፀረ-አካል ያላቸውና ስኳራቸው መዛባት የጀመረ 76 የዓይነት 1 ሕመምተኞች ዘመዶች ላይ ተሞክሮ፣ በ2019 በታተመው ውጤት ሕመሙ የሚገለጥበት መካከለኛ (ሚዲያን) ጊዜ ያለ መድኃኒት 24.4 ወር፣ በመድኃኒቱ 48.4 ወር ሆነ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በኅዳር 2022 ዕድሜያቸው 8 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ፈቀደው። ከአይጥ እስከ ፈቃድ 28 ዓመት ነው። የሚያዘገይ እንጂ የሚፈውስ አይደለም፤ አንድ ልጅ ተጨማሪ ሁለት ዓመት ያለ መርፌ መኖሩ ግን ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ልጄ ዓይነት 1 አለበት። «አይጦች ተፈወሱ» የሚል ዜና ሳይ ምን ልጠይቅ?

አይጦቹ ሕክምናውን የጀመሩት ከመታመማቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ኖድ ናቸው ወይስ በስትሬፕቶዞቶሲን የታመሙ? ስኳራቸው ሕክምናው ከቆመ በኋላ ስንት ሳምንት ጤነኛ ሆኖ ቆየ? ሌላ ላቦራቶሪ ደግሞታል? ከእነዚህ አንዱ ካልተመለሰ ዜናው ለሐኪሙ ጆሮ እንጂ ለልጅዎ መርፌ ምንም የሚለውጠው ነገር የለም። አይጧ ያለ ኢንሱሊን ሳምንታት ትቆይ ይሆናል፤ ዓይነት 1 ያለበት ልጅ ግን ኢንሱሊኑ ሲቋረጥበት በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ለሕይወት አደገኛ የሆነ የደም አሲድ መብዛት ውስጥ ይገባል። ሲያስታውከው፣ ትንፋሹ ሲከብድና ሲፈጥን ወይም አፉ ፍሬ ፍሬ ሲሸት ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።